አረጋውያን ሕሙማን በእግራቸው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ

አንድ አባት ሳል ጸንቶባቸው ሐኪም ቤት ገቡ እንበል። ሲሄዱ ከዘራቸውን ይዘው በእግራቸው ነበር። መድኃኒት ወስደው ሳሉ ለቀቃቸው። ሲመለሱ ግን በቃሬዛ ሆነ። በሽታው ከዳነ እግራቸውን ምን ነካው?

ገበሬ መልሱን ያውቀዋል። ሳይጠመድ የከረመ በሬ ሁለት ትልም ሳይሄድ ያለከልካል። የሰውም ጡንቻ ሥራ ሲፈታ ይከሳል፣ ይደክማል። በአሜሪካ አገር ተጠንቶ በ1999 ዓ.ም. የታተመ ጽሑፍ ይህንኑ አሳይቷል። በዕድሜ የገፉ ጤነኛ ሰዎች 10 ቀን አልጋ ላይ ሲቆዩ ከእግራቸው 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀነሱ። በሽታ ሲጨመርበትማ ምን ይሆን!

ታዲያ መነሳት ያቃተው በሽተኛ እንዴት ይንቀሳቀስ? በአንዳንድ አገሮች በሮቦት ይረዱታል። ሮቦት ማለት ሰው ያዘዘውን እንቅስቃሴ በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ነው። በዴንማርክ አገር የተሠራ ሮበርት የሚባል ሮቦት አለ። ረጅም ክንድ አለው። ከአልጋው አጠገብ ይቆምና የተኛውን ሰው እግር ይይዛል። ባለሙያው መጀመሪያ እግሩን አጥፎ ዘርግቶ ያሳየዋል። ሮቦቱም ያንኑ ይደጋግማል። በሽተኛው ሲጠነክር ደግሞ ሮቦቱ እንደ ሸክም ይከብድበታል፤ እሱም እየገፋ ጉልበት ያገኛል። የሰው እግር ከባድ ነው። ደጋግሞ ማንሳት የነርስን ወገብ ይጎዳል። ሮቦት ግን አይደክመውም።

ይህ መሣሪያ በየሐኪም ቤቱ አይገኝም። ቢሆንም መድኃኒቱ እንቅስቃሴው ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። በስፔን አገር በፓምፕሎና ከተማ በ370 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በ2011 ዓ.ም. ታትሟል። ሁሉም 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ። ገሚሶቹ እንደ ተለመደው ታከሙ። ገሚሶቹ ከሕክምናው ጋር በቀን ሁለት ጊዜ እግራቸውን አሠሩ፣ ተራመዱ። ሮቦት አልነበራቸውም። እንደ ተለመደው የታከሙት ሲወጡ አቅማቸው ቀንሶ ነበር። የተንቀሳቀሱት ግን አቅማቸው አልወረደም።

እኛ ዘመድ ሲታመምብን «አባባ፣ አይነሱ፣ ይተኙ» እንላለን። ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን ሊጎዳቸው ይችላል። ይልቅስ ሐኪሙን «መነሳት ይችላሉ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ከፈቀደ እንዲህ እናድርግ፦

1. ተኝተው ሳሉ እግራቸውን ይጠፉ፣ ይዘርጉ።
2. ምግባቸውን ተቀምጠው ይብሉ።
3. ደግፈናቸው ይቁሙ፤ ጥቂት እርምጃ ይሂዱ፤ በየቀኑ እንጨምር።

ራሳቸውን ቢያዞራቸው፣ ደረታቸውን ቢወጋቸው ወይም ትንፋሽ ቢያጥራቸው አቁመን ነርስ እንጥራ። አጥንቱ የተሰበረ ወይም ገና ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይነሳ።

ጥያቄ
1. ብዙ ቀን የተኛ ሰው እግሩ ለምን ይደክማል?
2. ሮቦት በሌለበት ሐኪም ቤት በሽተኛውን እንዴት እንረዳዋለን?