ኮከብ 889 መሰላል

ባንክ ስልክ ላይ መጣ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው መተግበሪያውን ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ሌሎቹም ባንኮች አላቸው፤ ቴሌብርም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በድረ ገጽ የሚከፈተው የኢንተርኔት ባንኪንግ ደግሞ ኮምፒውተር ፊት ለሚውል የሒሳብ ሠራተኛ ይመቻል፤ ለገበያተኛ አይሆንም። እኔ ማስተዋወቅ የምፈልገው ሁሉም እየደወለ ማንም የማያመሰግነውን ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ የንግድ ባንክን አጭር ቁጥር *889#ን።

ደባርቅ ገበያ ላይ ገብስ የሚሸጡ አንድ አባት ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ሲጠብቁ አይቻለሁ። ገዢው ወጣት፣ «አባባ፣ ልኬልዎታለሁ፤ መልእክቱ ገባ?» አላቸው። ስልኩ ጢጥ አለ። አባባ ቁጥሯን አንድ በአንድ አንብበው ሲጨርሱ ጆንያው ተጫነ። ዳታ የለ፣ ዋይፋይ የለ፣ መተግበሪያ የለ።

ይህ የሚሆነው አጭር ቁጥሩ የሚሄደው ስልክ ለመደወል በሚያገለግለው የኔትወርክ መስመር ስለሆነ ነው። ተራው 2ጂ ይበቃዋል። ከዳባት አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ መተግበሪያው እየተሽከረከረ በሚቀርበት ቦታ፣ ጥሪ የሚያስገባ ኔትወርክ ካለ ኮዱ ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ሳለ፣ ኔትወርክ ባለበት ብር ሊያንቀሳቅስ የቻለው እንዲህ ያለው ኮድ ነው። «ኢንተርኔት ከሌለ ሞባይል ባንኪንግ የለም» የሚሉ የተማሩ ሰዎችን ስሰማ እቆጫለሁ።

ስንደውል የሚወጣው የምርጫ ዝርዝር ስልካችን ውስጥ የለም። የምንጫናት እያንዳንዷ ቁጥር ወደ ባንኩ ሄዳ መልስ ይዛ ትመለሳለች። አንዱ ገጽ ቢበዛ 182 የላቲን ፊደል ይይዛል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚፈልግ በ80 ይሞላል፤ በአማርኛ የሚያዘጋጅ ሰው ቃል መቆጠብ ግድ ይለዋል። ዘግይተን ዝም ካልን ግንኙነቱ ይቋረጣል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስሕተት የሚመጣው። ገንዘብ ልከን፣ አረጋግጠን፣ ስንጠብቅ ስልኩ «ኮኔክሽን ፕሮብለም ኦር ኢንቫሊድ ኤምኤምአይ ኮድ» ይላል። ብዙ ሰው ይህን «ብሩ አልሄደም» ብሎ ይተረጉመውና ወዲያው ደግሞ ይልካል። ያንን ጽሑፍ የሚያወጣው ግን ባንኩ ሳይሆን ስልኩ ራሱ ነው፤ ስልኩ ደግሞ የሚያውቀው መልስ አለመድረሱን ብቻ ነው። አንድ ክፍያ ሁለት ጉዞ አለው፤ ትእዛዛችን ይሄዳል፣ መልሱ ይመጣል። ኔትወርኩ በመሄጃው ከተቆረጠ ብሩ አልተነካም። በመመለሻው ከተቆረጠ ግን ባንኩ ትእዛዙን ፈጽሟል፤ የጠፋው መልሱ ብቻ ነው። ሁለቱም ስልኩ ላይ የሚታዩት በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አንዲት እናት ለበርበሬ ነጋዴዋ ልጅ በዚሁ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሲልኩላት አጠገባቸው ነበርኩ። «እማማ፣ ሁለት ጊዜ ገብቷል» ብላ የመለሰችላቸው ልጅቷ ናት። ሁሉም እንደሷ አይደለም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከመድገማችሁ በፊት ኮዱን ደውሉና ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ከቀነሰ ሄዷል፤ ካልቀነሰ ትንሽ ታግሳችሁ ቀሪውን እንደገና እዩ። መልእክት አለመግባቱን ብቻ አትመኑ፤ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ሰዓት የአጭር መልእክቱ ማረጋገጫም ሊዘገይ ይችላል።

ሌላው የሚያናድደኝ የተቀባዩን ስም አለማንበብ ነው። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር 13 አኀዝ ነው፤ አብዛኛው በ1000 ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ አንዷን አኀዝ መሳት ቀላል ነው። ከማረጋገጣችሁ በፊት ስሙ ይወጣላችኋል። ያቺን አንድ መስመር ሳታዩ «አዎ»ን የምትጫኑ፣ በኋላ ቅርንጫፍ ተሰልፋችሁ የማታውቁትን ሰው ታፈላልጋላችሁ።

ኮዱ ጉድለት አለበት። የሚስጥር ቁጥሩ በብዙ ስልክ ላይ ሳይሸፈን ስለሚታይ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ መምታት አይገባም። ረጅም የሒሳብ መግለጫ ወይም የሚላክ ደረሰኝ ስፈልግ እኔም መተግበሪያውን እከፍታለሁ። ቁልፉ አልገባ ሲላቸው ስልኩንም የሚስጥር ቁጥሩንም ለሱቅ ልጅ የሚሰጡ ወላጆች ግን ኪሳቸውን እንደሰጡ ይወቁት፤ ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ቢያለማምዳቸው ይበቃል። አገልግሎቱ የታሰረው ከተመዘገበው ሲም ካርድ ጋር ስለሆነ፣ ስልክ የጠፋበት ሰው ቀፎ ከመግዛቱ በፊት መጀመሪያ ሲሙን ያዘጋ፣ ቀጥሎ ባንኩ ሄዶ አገልግሎቱን ያሳግድ።