ሮታሪ ክለብ፦ መዋጮ፣ ሙያና ጉልበት የሚገናኙበት ማኅበር

የአገልግሎት ክለብ ማለት በአንድ ከተማ የሚኖሩና በተለያየ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው፣ በቋሚ ቀን እየተገናኙ፣ ከኪሳቸው እያዋጡና ከሕዝብም እየሰበሰቡ፣ የማኅበሩ አባል ላልሆነ ሰው የሚጠቅም ሥራ የሚሠሩበት ማኅበር ነው። የትርጓሜው ክብደት ያረፈው «አባል ላልሆነ ሰው» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። እድር አባሉን በሐዘኑ ቀን ያጽናናል፣ እቁብ ለአባላቱ በየተራ ገንዘብ ያደርሳል፣ ደቦም ዛሬ የአንዱን ማሳ ነገ የሌላውን ያርማል፤ በሦስቱም ዘንድ የሚሰጠው ሰው ተራው ሲደርስ ተቀባይ ይሆናል። የአገልግሎት ክለብ አባል ግን የሚጠብቀው ተራ የለውም፤ መዋጮው፣ ጊዜውና ሙያው የሚሄዱት ምናልባት ፈጽሞ ወደማያውቀው ሰው ነው።

ከእነዚህ ክለቦች ቀዳሚው ሮታሪ ሲሆን፣ የተመሠረተውም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ ጠበቃው ፖል ሃሪስ ከከሰል ነጋዴው ሲልቬስተር ሺል፣ ከማዕድን መሐንዲሱ ጉስታቭስ ሎህርና ከልብስ ሰፊው ሃይራም ሾሪ ጋር በሎህር ቢሮ በተገናኙ ጊዜ ነው። ሃሪስ በትንሽ ከተማ ያደጉ በመሆናቸው፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሳይተዋወቅ በሚኖርባት በዚያች ግዙፍ ከተማ ውስጥ የሀገር ቤቱን ወዳጅነት ለመመለስ ይሹ ነበር። ስብሰባው በመጀመሪያ ከአንዱ አባል ቢሮ ወደ ሌላው እየዞረ ይካሄድ ስለነበር ማኅበሩ «በዙር የሚሄድ» የሚል ትርጉም ያለውን ሮታሪ የሚለውን ስም አገኘ። ከእያንዳንዱ ሙያ አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት ደንብም ወጣ፤ ዓላማው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚደግፉ ሰዎች እንዲቀመጡ ማድረግ ነበር።

ይሁን እንጂ ማኅበሩ ሲጀመር የአባላቱን ወዳጅነትና ገበያ ከማሳደግ ያለፈ ዓላማ አልነበረውም። ለውጡ የመጣው በ1906 እንዲቀላቀሉ የተጋበዙት የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት ጠበቃው ዶናልድ ካርተር፣ ራሱን ብቻ የሚጠቅም ማኅበር ዕድሜ አይኖረውም በማለታቸው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለከተማው ነዋሪ መሥራት በደንቡ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ሕዝባዊ ሥራም በቺካጎ መሐል ከተማ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች እንዲሠሩ መወትወት ሆነ። ሥራው ለዝና የሚመረጥ አልነበረም፤ ሆኖም አላፊ አግዳሚው ሁሉ በየዕለቱ የሚቸገርበትን ነገር መርጦ መነሣት ለኋላኞቹ ክለቦች ሁሉ መንገድ አሳይቷል። በተከታዮቹ ዓመታት ኪዋኒስ በ1915፣ ላየንስ ደግሞ በ1917 ተመሠረቱ፤ የላየንስ አባላት በተለይ ከ1925 ጀምሮ፣ ማየትና መስማት የተሳናቸው ደራሲ ሄለን ኬለር ባቀረቡላቸው ጥሪ፣ የዓይን ሕክምናን ዋና ሥራቸው አድርገው ይዘዋል።

ማኅበሩ ስለ ራሱ ያለው አመለካከት አባላቱ በኮታቸው ላይ በሚያደርጉት ዓርማ ይታያል። ዓርማው 24 ጥርሶችና ስድስት ክንዶች ያሉት ማርሽ ሲሆን፣ ከመሐሉ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ጎድጓዳ ትታያለች። ይህች ጎድጓዳ በመካኒኮች ሥራ ማርሹን ከዘንጉ ጋር አጥብቆ የሚያያይዘው ቁራጭ ብረት የሚገባባት ቦታ ናት፤ እርሷ ከሌለች ማርሹ በዘንጉ ላይ በከንቱ ይሽከረከራል እንጂ ኃይል አያስተላልፍም። በጥንቱ ዓርማ ላይ አልነበረችም፤ ከአባላቱ መካከል መሐንዲሶች የነበሩት ጉድለቱን አመልክተው በ1920ዎቹ በይፋ ተጨመረች። መሰብሰብና መደሰት ብቻውን በከንቱ እንደሚዞር ማርሽ ነው፤ ክለቡን ክለብ የሚያደርገው ከሥራ ጋር የሚያያይዘው ነገር ነው።

ይህ ማያያዣ በየክለቡ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። አንድ ክለብ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚያገለግል ፕሬዚዳንት፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ የሥራ ዘመኑም በየዓመቱ ጁላይ 1 ይለወጣል። በብዙ ክለቦች ስብሰባው የሚከፈተው ፕሬዚዳንቱ ደወል ሲመቱ ሲሆን፣ ከምግብ በኋላ አንድ ተናጋሪ ስለ ሙያው ወይም ስለ ከተማው ችግር ያስረዳል። ገንዘብ የማሰባሰቡ ልማድም ከዚሁ ጠረጴዛ ይጀምራል፤ በብዙ የአሜሪካ ክለቦች «የደስታ ዶላር» የሚባል ሥርዓት አለ፣ ይኸውም ልጁ የተመረቀለት፣ ከሕመም የዳነ ወይም የልጅ ልጅ ያየ አባል ተነሥቶ የምሥራቹን እየተናገረ ጥቂት ገንዘብ በሣጥን የሚጨምርበት ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በየሳምንቱ ስለማይቋረጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያም በላይ መስጠትን ከደስታ ጋር ያላምዳል።

ከስብሰባው ውጭ ገንዘብ የሚገኘው በእራት ግብዣ፣ በቶምቦላ፣ በባዛር፣ በጨረታ፣ በሩጫና በእግር ጉዞ ነው። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ቁም ነገር ገንዘቡ በሁለት የሚከፈል መሆኑ ነው። አባላቱ ለምግብ፣ ለጽሕፈትና ለመሰብሰቢያ ቦታ የሚያወጡትን ከራሳቸው መዋጮ ይሸፍናሉ፤ ከሕዝብ የተሰበሰበው ደግሞ በተለየ ሒሳብ ተይዞ ለታለመለት ሥራ ብቻ ይውላል። በላየንስ ዘንድ ይህ መለያየት ግዴታ ነው። ቶምቦላ የገዛ ሰው ብሩ ወደ ክለቡ እራት እንዳልሄደ ካላመነ በዓመቱ ተመልሶ አይገዛምና፣ የሒሳቡ መለያየት የክለቡ ዋስትና ነው ማለት ይቻላል።

ትንሹ መዋጮ ትልቅ ሥራ የሚሠራው በሮታሪ ፋውንዴሽን በኩል ነው። ፋውንዴሽን ማለት ስጦታዎች እየተጠራቀሙ ለበጎ ሥራ የሚመደቡበት ተቋም ሲሆን፣ ይህን ሐሳብ በ1917 ያቀረቡት የወቅቱ ፕሬዚዳንት አርች ክላምፍ ነበሩ። የመጀመሪያው ስጦታ የካንሳስ ሲቲ ክለብ የላከው 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ዛሬ ፋውንዴሽኑ ለታላላቅ ሥራዎች «ዓለም አቀፍ ድጋፍ» የሚባል ገንዘብ ይሰጣል፤ ይህን ለማግኘት የሥራው በጀት ቢያንስ 30,000 ዶላር መሆን አለበት፣ ሥራው ከሚሠራበት ሀገር አንድ ክለብ፣ ከሌላ ሀገር ደግሞ አንድ አጋር ክለብም በጋራ መፈረም አለባቸው። አስቀድሞም የአካባቢው ሰው ፍላጎት መጠናቱ ይጠየቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚንከባከበው የውሃ ኮሚቴ፣ የሚጠግነው የሠለጠነ ሰውና መለዋወጫ የሚገዛበት ጥቂት መዋጮ ሳይዘጋጅለት የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የእጅ ፓምፑ በተሰበረ ዕለት የመራቂዎቹ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ እናቶችም እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ።

የክለቦቹ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው በፖሊዮ፣ በተለምዶ የልጅነት ልምሻ በሚባለው በሽታ ላይ የተካሄደው ዘመቻ ነው። ፖሊዮ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፍ፣ አንዳንዱን ሕፃን ለዕድሜ ልክ ሽባ የሚያደርግና መድኃኒት የሌለው በሽታ ሲሆን፣ በክትባት ግን ይከላከሉታል። ሮታሪ በ1979 በፊሊፒንስ 6 ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን ለመከተብ ጀምሮ፣ በ1985 «ፖሊዮፕላስ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ዘመቻ አወጀ፤ ከአባላቱ 120 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ አቅዶም በ1988 247 ሚሊዮን ዶላር ማግኘቱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል አብረውት ተነሡ። ያኔ ፖሊዮ በዓመት 350,000 ያህል ሰዎችን ያጠቃ እንደነበር ይገመታል፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። ሮታሪ ለዚህ ሥራ ያዋለው ገንዘብ ከ2 ቢሊዮን ዶላር አልፏል።

ገንዘቡ ግን ክትባቱን እስከ መንደሩ መዳረሻ ያደርስ ይሆናል እንጂ ወደ ሕፃኑ አፍ አያገባም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሮታሪ ክለብ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1950ዎቹ ሲሆን፣ የሀገሪቱ ክለቦች ከጤና ሠራተኞች ጎን ሆነው በክትባት ዘመቻ ሲሳተፉ ቆይተዋል። በዘመቻው ቀን ከታቢዎቹ በትከሻቸው ያንጠለጠሉት ሣጥን የበረዶ ጥቅል የተደረደረበት ነው፤ ክትባቱ ሙቀት ካገኘው ይበላሻልና። በብልቃጡ ላይ ክብ ምልክት፣ በክቡም ውስጥ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ፤ ብልቃጡ ሙቀት ባገኘው መጠን አራት ማዕዘኑ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ከክቡ ጋር አንድ ዓይነት ሲሆንም ክትባቱ ይጣላል። ሁለት ጠብታ በሕፃኑ ምላስ ላይ ከተንጠባጠበ በኋላ የትንሿ ጣቱ ጥፍር በቀለም ይቀባል፣ በቤቱ በር ላይም በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ማን እንደተከተበና የትኛው ቤት እንደቀረ የሚታወቀው በዚህ ነው። ይህን ሁሉ በር ማንኳኳት፣ እናትን ማስረዳትና ዳገቱን መውጣት የሚችለው ሰው ነው፤ የበጎ ፈቃደኛ ዋጋም እዚህ ላይ ይታወቃል።

በዚህ ሥራ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ድርሻ አላቸው። በሲያትል ከተማ የሚኖሩት የሮታሪ አባል ዕዝራ ተሾመ አሜሪካውያን አባላትን አስከትለው ወደ ትውልድ ሀገራቸው በመምጣት ከቤት ወደ ቤት በሚደረገው ክትባት ለዓመታት ያሳተፉ ሲሆን፣ ታይም መጽሔትም በ2005 ከዓለም የጤና ጀግኖች አንዱ አድርጎ አክብሯቸዋል። በኢትዮጵያ በተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ የተያዘ የመጨረሻው ሰው የተመዘገበው በ2014 መጀመሪያ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣናም ኦገስት 25 ቀን 2020 ከዚህ ቫይረስ ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። ይሁን እንጂ በጠብታው ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ያልተከተቡ ሕፃናት በበዙበት አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ተለውጦ በሽታ ሊያስነሣ ይችላል፤ ይህም በኢትዮጵያ ከ2019 ጀምሮ ታይቷል። ስለዚህ ሥራው አላለቀም።

የአገልግሎት ክለቦች ታሪክ ጉድለት የሌለበት አይደለም። ሮታሪ ሴቶችን አባል እንዳይሆኑ ለአሥርተ ዓመታት ከልክሎ ቆይቷል፤ በሩ የተከፈተው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 ሴቶችን የተቀበለ አንድ የካሊፎርኒያ ክለብን የሚደግፍ ውሳኔ ከሰጠና ማኅበሩም በ1989 ደንቡን ካሻሻለ በኋላ ነው። አባልነቱ ክፍያና ትርፍ ጊዜ የሚጠይቅ በመሆኑም ክለቦቹ በብዙ ከተሞች የደኅና ኑሮ ባለቤቶች መሰብሰቢያ ሆነው ይታያሉ። ሆኖም የሥርዓቱ ጥቅም በሀብታሞች ብቻ የሚገታ አይደለም። ቋሚ የስብሰባ ቀን፣ የሚፈራረቅ መሪ፣ የተለያየ ሒሳብና በዓይን የሚታይ ሥራ ለማንም ሰፈር የሚሆኑ ነገሮች ናቸው፤ የኢትዮጵያ እድሮችም ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የወር መዋጮና የቅጣት ደንብ ያላቸው በመሆናቸው፣ ከሐዘን ቀን ባሻገር ወላጅ ያጡ ሕፃናትንና አረጋውያንን ሲረዱ የታዩት በዚሁ አቅም ነው።

ስለዚህ ለአካባቢው መሥራት የሚሻ ሰው ባለጸጋ እስኪመጣ ወይም ብዙ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ የለበትም። አሥር ሰዎችን ሰብስቦ የማይቀር የስብሰባ ቀን ይቁረጥ፣ የታመነ ገንዘብ ያዥ ይምረጥ፣ በእግሩ ሄዶ ሊያየው የሚችለውን አንድ ችግር ይያዝ፣ ሥራው ካለቀም በኋላ በዓመቱ ተመልሶ ይጎብኘው። ታላቁ የፖሊዮ ዘመቻ ያረፈበት ፋውንዴሽንም የተነሣው ከ26 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው።