የሚጠጣ ልጃችንን ወዴት እንውሰደው?



በሙስሊም ቤት ውስጥ የመጠጥ ነገር ሲነሳ ንግግሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ያበቃል፤ «ሐራም ነው!» እርግጥ ነው፣ ሐራም ነው። በዚህ ላይ የምንጨምረውም የምንቀንሰውም የለንም። ታዲያ ሐራምነቱን እያወቀ፣ ረመዷንን ጾሞ ዒዱ ሲያልፍ ወደ ጠርሙሱ የሚመለስ ልጅ ያላቸው ወላጆች ምን ያድርጉ?

ይህን ጥያቄ ያነሱልን በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ የወሎ ተወላጅ አባት ናቸው። ስማቸውን እንዳንጠቅስ አደራ ብለውናል። «መከርኩት፣ ተቆጣሁት፣ ቁርኣን አስቀራሁበት፤ አገር ቤት ወስጄ ልዳረው ሁሉ ብዬ ነበር» አሉን። ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮት እየዘጉ ነበር የሚጨቃጨቁት። መስጂድ ውስጥ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በመጨረሻ ልጁ ራሱ «አባዬ፣ ማቆም እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን ግን አቃተኝ» አላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊታየው ይችላል፤ ለሞትም ያደርሳል። ስለዚህ ልጅን ክፍል ቆልፎ ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። እኚህም አባት ወደ ሐኪም ወሰዱት፤ ሐኪሙም ከሕክምናው ጋር የሱሰኞች መረዳጃ ስብሰባ እንዲፈልግ መከረው።

ይህ ስብሰባ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ፣ ቢል ዊልሰንና ዶክተር ቦብ ስሚዝ የተባሉ ሁለት የመጠጥ ሱሰኞች ተገናኙ። አንዱ ለሌላው ችግሩን በማካፈል ከመጠጥ መራቅ እንደሚቻል አዩ። «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው ማኅበር ከዚያ ተነሣ። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። የአባልነት ክፍያ የለውም። የአባት ስም አይጠየቅም፤ እዚያ የተሰማም እዚያው ይቀራል።

ማኅበሩ በየሰፈሩ የሚደረጉትን ስብሰባዎች ዝርዝር በኢንተርኔት ያወጣል፤ በብዙ ከተሞችም በስልክ የሚያስረዱ በጎ ፈቃደኞች አሉት። ዝርዝሩ ላይ «ክፍት» እና «ዝግ» የሚሉ ቃላት አሉ። ክፍት በሆነው ቤተሰብም ሌላ ሰውም ይገባል። ዝግ የሆነው ግን መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉት ብቻ ነው። አባት ይህን ባለማወቃቸው የመጀመሪያውን ምሽት ታክሲያቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ልጃቸውን ሲጠብቁ አመሹ። ለሴቶች ብቻ የሆኑ ስብሰባዎችም ስላሉ እህቶቻችን ይህን ቢጠይቁ ይበጃቸዋል።

እኚህን አባት ይበልጥ የከበዳቸው ግን ቦታው ነበር። ስብሰባው የሚካሄደው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው! «ልጄን ከመጠጥ ሳወጣ ከዲኑ ላወጣው ነው?» ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው አይገርመንም። ሆኖም ማኅበሩ ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር አልተቆራኘም፤ አዳራሹን ይከራያል እንጂ። አንዳንድ ቡድኖች በክርስቲያኖች ጸሎት የሚዘጉ መሆናቸው እውነት ነው። ሙስሊም የሆነ ሰው ያን ጊዜ ዝም ብሎ ሊቆም ወይም ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፤ የሚያስገድደው የለም።

ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችን ያልሰማነው ነገር አለ። ከዋሽንግተን አርባ ማይል ያህል በምትርቀው በባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 ከሱስ በመላቀቅ ላይ የነበሩ ሙስሊሞች «ሚላቲ ኢስላሚ» የተባለ መረዳጃ መሥርተዋል። አሥራ ሁለቱን የማገገሚያ ደረጃዎች ከኢስላም ጋር አስማምተው ነው የሚሠሩባቸው። ለወላጆችና ለትዳር ጓደኞች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ «አል-አኖን» የሚባል ለብቻው አለ። ሰፈራቸው ውስጥ ምንም ያላገኙ ሰዎች፣ በተለይ ከ2020ው የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ፣ በቪዲዮ የሚደረጉትን መከታተል ይችላሉ። አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎቻችን የአማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል።

«መስጂድ እያለ ለምን ሌላ ቦታ?» የሚሉን አይጠፉም። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፤ ይህ ልጅ መስጂዳችን ውስጥ «እጠጣለሁ፣ እርዱኝ» ቢል ምን እንለው ነበር? በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው፣ በመጠጥ ምክንያት በተደጋጋሚ ተይዞ የሚቀርብና የሚቀጣ አንድ ሰው ነበር። ከተሰበሰቡት አንዱ ሲረግመው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ ከወንድሞቹ ግን አልተቆረጠም። በእኛ ዘመን ግን ብዙ ጊዜ የሚቀድመው እርግማኑ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አባትና ልጅ ክፍት ስብሰባ አገኙ። መግሪብን መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ሰግደው ገቡ። አንድ ሽማግሌ ቡና ቀድተው ሰጧቸው። ልጁ ተራው ሲደርስ ስሙን ተናገረ፤ ለአባቱ ነግሯቸው የማያውቀውን ሁሉ በእንግዶች ፊት ዘረገፈው። «ግማሹን እንግሊዝኛ አልያዝኩትም» አሉን አባት፣ «ግን ሳይጮህ ሲናገር ከሰማሁት ዓመታት ሆኖኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ልጁ አንድ ጊዜ ወድቋል። በማግስቱ ግን ወደ ስብሰባው ተመለሰ፤ ያደረሱትም አባቱ ናቸው።