ሞላ፣ ዘይትና ቀዳዳ፦ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት የፊት ሹካ በሐረር ድንጋይ ላይ

(ለሕዝብ ክፍት ከነበረ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)



ከፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ዘይት የጠገበ ብረት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች የያማሃ ዲቲ ሞተር ብስክሌት የፊት ሹካ አንደኛው እግር ነው። የዲቲ ዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ለገጠር መንገድና ለጫካ ተብሎ የወጣ ሲሆን፣ የፊት ሹካው ውስጣዊ አሠራር በዚያው ዘመን በሞቶክሮስ ውድድር ላይ ከነበሩት ሞተሮች ሹካ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አሮጌ የሞቶክሮስ ሹካ አስተካከል የምናገረው ሁሉ በዚህች ብረት ላይ ይሠራል። እኔ ግን የምናገረው ስለ ውድድር ሜዳ አይደለም። የእኔ ሜዳ ጀጎል ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ኤረር በር በሚወርደው መንገድ ላይ ወደቅሁ። ፍጥነቴ ከሚሮጥ ልጅ አይበልጥም ነበር። ከኋላዬ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ተቀምጦ ነበር። እኔ ልብሴ ብቻ ተቀደደ፤ የእርሱ ቀኝ ክንድ ክርኑ ላይ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋለትም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተገኝቷል፤ ነገሩን እንዳነሣም ፈቅዶልኛል። ይህን የምነግራችሁ ስለ አደጋ ለማውራት ሳይሆን፣ ሹካውን እንዲያ ያበላሸሁት እኔው ራሴ ስለሆንሁ ነው። በዚያን ጊዜ የንዝረትን ትምህርት በክፍል ውስጥ ሳስተምር ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቶኝ ነበር።

በመጀመሪያ ውስጡን እንይ። ሹካው ሁለት እግር አለው። በእያንዳንዱ እግር ውስጥ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል። ከላይ ረጅም ሞላ አለ፤ ከታች ዘይት፤ በዘይቱ መካከል ደግሞ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ዘንግ ቆሟል። ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ዘይቱ ሰፋ ባሉት ቀዳዶች ያልፋል፤ ሲመለስ በጠባቦቹ ብቻ እንዲያልፍ ይገደዳል። ዘይቱ እንዳይፈስ አፉን ፓራኦሊዮ ይዘጋዋል። ከዚህ ሌላ የሚዞር ማስተካከያ የለም። ባለቤቱ ሊለውጥ የሚችለው የሞላውን ዓይነት፣ ከሞላው በላይ የሚቀመጠውን ድጋፍ፣ የዘይቱን ውፍረትና የዘይቱን ከፍታ ነው። የደፈረ ሰው ቀዳዶቹን በመሰርሰሪያ ያሰፋል፤ የሰፋን ቀዳዳ ግን መልሶ ማጥበብ ቀላል አይደለምና እኔ አልመክርም።

ሹካው በፍሬን ጊዜ ወደ ታች ይሰምጣል ብዬ፣ ሞላውን ላጠነክር አሰብሁ። በየጋራዡ እንደሚደረገው ከሞላው በላይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሮንዴላ ደረደርሁ። እጄን ጭኜ ስገፋው በእርግጥ ጠጠረ። «ሞላው ጠነከረ» አልሁ። አልጠነከረም።

በቁጥር እንየው። የሁለቱ እግሮች ሞላዎች አንድ ላይ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 8 ኪሎ ግራም ይጠይቃሉ እንበል። በፊት በኩል የሚያርፍባቸው ሸክም 56 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ሞላው 7 ሴንቲ ሜትር መታመቅ አለበት። ይህ ሮበርት ሁክ በዐሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ያስቀመጠው ሕግ ነው፤ በሮንዴላ አይሻርም። ሲገጠም ቀድሞውኑ በ2 ሴንቲ ሜትር የታመቀ ከነበረ፣ ነጂው ሲቀመጥ ሹካው 5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። 3 ሴንቲ ሜትር ሮንዴላ ስጨምር ቀድሞ የታመቀው 5 ይሆናል፤ ነጂው ሲቀመጥ የሚወርደው 2 ብቻ ይሆናል። ድምሩ ያው 7 ነው። ተማሪዎች እንደምታውቁት የንዝረቱን ድግግሞሽ የሚወስነው ይህ ድምር ነው፤ 7 ሴንቲ ሜትር በሴኮንድ 1.9 ዙር ያህል ይሰጣል፤ ከሮንዴላው በፊትም በኋላም። የተለወጠው የሞተሯ ቁመት ነው።

ከቁመቱ ጋር ግን አንድ ትልቅ ነገር ጠፋ። ነጂው ሲቀመጥ ሹካው የሚወርድባት ያች 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አይደለችም፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚዘረጋባት ናት። እርሷ ወደ 2 ስትወርድ፣ ድንጋዩ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ በጎደለበት ቦታ ሁሉ ሹካው ተዘርግቶ ያልቃል፤ ጎማው መሬቱን ሊከተል አይችልም። ጎማው መሬት ካልነካ ደግሞ ፍሬን የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ሜትር አንሡ። ሹካው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ስንት እንደሆነ ለኩ፤ ከዚያ ነጂው በተለመደው ልብሱና በተለመደው ሸክሙ ተቀምጦ ለኩ። አሮጌ ሹካ ሰበቃ ይበዛበታልና ሁለት ጊዜ ለኩት፦ አንድ ጊዜ ወደ ታች ገፍታችሁ ቀስ ብሎ እንዲመለስ ከለቀቃችሁት በኋላ፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንሥታችሁ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ከተዋችሁት በኋላ፤ አማካዩን ውሰዱ። ለእንዲህ ያለ መንገድ ዝቅታው ከጠቅላላው ጉዞ ከሩብ እስከ ሢሶ ቢሆን ይመረጣል። የእኔ ሹካ ጉዞ 16 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ። በሮንዴላው ይህ ካልተገኘ፣ ያን ጊዜ ሞላው ራሱ ይለወጣል።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። የአሮጌ ሹካ ምሥጢርም ችግርም እዚህ ነው።

ዘይት በቀዳዳ ውስጥ በኃይል ሲያልፍ የሚፈጥረው መቋቋም ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መቋቋሙ አራት እጥፍ ነው። ፍሬን ስይዝ ሹካው በግማሽ ሴኮንድ 5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል እንበል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 5 ሜትር እየሄድሁ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ድንጋይ ብነካና ጎማው 15 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ርቀት ውስጥ ቢወጣበት፣ ለመውጣት ያለው ጊዜ ከሴኮንድ 3 መቶኛው ነው፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 1 ሜትር። ዐሥር እጥፍ። መቋቋሙ መቶ እጥፍ! ያው ቀዳዳ በፍሬን ጊዜ 1 ኪሎ ግራም ቢይዝልኝ፣ በድንጋዩ ላይ 100 ኪሎ ግራም ሆኖ ክንዴን ይመታኛል ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉልኝ። በፍሬን ጊዜ የሚሰምጥን ሹካ በወፍራም ዘይት ላርመው ያለ ሰው፣ የሚፈልገውን ጥቂት ለማግኘት የማይፈልገውን እጅግ ብዙ ይገዛል። እኔም ሮንዴላው አልበቃኝ ብሎ ለሞተር የሚሆን 40 ቁጥር ዘይት ሞላሁበት። ውፍረቱ በተለይ የጎዳው መልሱን ነው። ጎማው ድንጋዩን ወጥቶ በጠባቦቹ ቀዳዶች ቀስ እያለ ሲመለስ፣ ገና ሳይዘረጋ ሁለተኛው ድንጋይ ይደርሳል፤ ከዚያ ሦስተኛው። የድንጋዩ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዚያ ፍጥነት በአንድ ሴኮንድ 50 ድንጋይ ያልፋል። ሹካው በየድንጋዩ ጥቂት ጥቂት እየታጠፈ እዚያው ይቀራል። በዚያ በዝናባማ ቀን የሆነው ይኸው ነው፦ ጎማው ድንጋዩን ከመከተል ይልቅ በአናቱ ላይ እየዘለለ ነበር፤ ፍሬን ስይዝ ቆመ፣ ተንሸራተተ። ድንጋዩ እርጥብ ነበር ብዬ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። እርጥብስ ነበር።

ታዲያ በፍሬን ጊዜ እስከ መጨረሻው እንዳይሰምጥ ምን ይደረጋል? አብዛኛው ሰው የሚረሳው መሣሪያ የዘይቱ ከፍታ ነው። ከዘይቱ በላይ የታሰረ አየር አለ፤ እርሱም ሞላ ነው፤ ነገር ግን በጉዞው መጀመሪያ ላይ የለም ማለት ይቻላል፣ በመጨረሻው ላይ ግን ይበረታል። ሞላውን አውጥታችሁ ሹካውን እስከ ታች ስትገፉት ከአፉ እስከ ዘይቱ 16 ሴንቲ ሜትር ካለ፣ ሲዘረጋ አየሩ 32 ያህል ይሆናል፤ ሲታመቅ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ዘይቱን 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብታደርጉት አየሩ ከ28 ወደ 12 ይታመቃል፤ 2.3 እጥፍ። ተጨማሪ 6 ከፍ ብታደርጉት ከ22 ወደ 6፤ ወደ 3.7 እጥፍ ገደማ። ይህ የመጨረሻው ፓራኦሊዮውን ይፈነቅላል፤ ስለዚህ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ መሄድ ይሻላል። የመጀመሪያው የጉዞ ክፍል ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል፤ ድንጋዩም የሚፈልገው እርሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። ከሐረር ተነሥቶ በሐረማያ አልፎ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ከ1,900 ሜትር ገደማ ወደ 1,200 ገደማ ይወርዳል። ተማሪዎች የአየሩ ግፊት ልዩነት ሹካውን ይለውጠው እንደሆነ ይጠይቁኛል። አስልቼዋለሁ፤ በሁለቱ እግሮች ላይ ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም፤ እርሱት። የሙቀቱ ግን ሌላ ነው። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ የተለመደ የማዕድን ዘይት ውፍረት ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። በሐረር ማለዳ የተስተካከለ ሹካ በድሬዳዋ ቀትር ሌላ ሹካ ነው። የዘይት ቁጥርንም በጭፍን አትመኑ፤ አንዱ ፋብሪካ 10 ብሎ የሚጽፍበት ከሌላው 10 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። አንድ ዓይነት መርጣችሁ በእርሱ ጽኑ።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል ሁልጊዜ ዓይኔ የሚያርፈው በአሮጌዎቹ የሐረር ታክሲዎች፣ በፔጆ 404 ላይ ነው። ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣች መኪና ናት። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። ከፊት ባሌስትራ የላትም፤ በየጎኑ ሞላ፣ በሞላው ውስጥ የቆመ አሞርዛተር ነው ያላት። ሞላዋ ለስላሳ ነው፣ ጉዞዋም ረጅም፤ ንዝረቱን የመግታቱ ሥራ ለአሞርዛተሩ ተትቷል። ጀጎልን ስትዞር የሚታየው ይህ ነው፦ አካሏ ረጋ ብሎ ሲሄድ ጎማዎቿ ከታች ብቻቸውን ይሠራሉ። እኔ በሞተሬ ላይ የሠራሁት የዚህች ታክሲ ግልባጭ ነበር፤ እርሷም በየቀኑ በበሬ ታልፍ ነበር።

ሹካውን መልሼ ስከፍተው ሮንዴላዎቹን አወጣሁ፤ ሞላው በፊት በነበረው በ2 ሴንቲ ሜትር ታመቀ። ወፍራሙን ዘይት ደፍቼ በላምባ አጠብሁትና ለሹካ የተሠራ 10 ቁጥር ሞላሁ። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥሁ በደብተር ጻፍሁ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን የለወጥሁባቸው ገጾች ዛሬ ምንም አይነግሩኝም። በቱቦው ላይ የላስቲክ ቀለበት አሰርሁ፤ ሹካው እስከ የት እንደታጠፈ ቀለበቱ ተገፍቶ ያሳያል። በአራተኛው ሳምንት ዘይቱን በ2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

አማቼ ለስምንት ዓመት ከኋላዬ አልተቀመጠም፤ አልጠየቅሁትምም። ባለፈው ጥቅምት ራሱ መጣና ሜትሩን እንድሰጠው ጠየቀኝ። እኔን ሞተሯ ላይ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ ለካ፤ 5 ሴንቲ ሜትር አገኘ። ከፈረስ መጋላ ወረድን። ኤረር በር ስንደርስ እኔ ገና ሳልወርድ እርሱ ወርዶ ቀለበቱን አየ፤ 11 ላይ ቆሞ ነበር። ሁለተኛው እግር ከውጭ፣ በግቢው ውስጥ ባለችው ሞተር ላይ እንደተገጠመ ነው፤ ሜትር የያዛችሁ ተማሪዎች ተከተሉኝ።