ዋንዛው ቆሞና ተጋድሞ የሚይዘው ሀብት

የጅማ ስም ሲነሣ ከቡናዋ ቀጥሎ የሚታወሰው የእንጨት ሥራዋ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለሦስት እግር በርጩማና በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የአገሩ አናጢ እጁ ምን ያህል የተባ እንደ ሆነ ይመሰክራሉ። ዛሬ ግን ስለ ሥራው ውበት ሳይሆን፥ በእንጨቱ ውስጥ ታስሮ ስለሚኖረው ካርቦን ጥቂት ልናወሳ እንወዳለን።

ዛፍ ሲያድግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ከአየር እየሳበ፥ ካርቦኑን በግንዱ፥ በቅርንጫፉና በሥሩ ያከማቻል። ከደረቅ እንጨት ክብደት እኩሌታው ያህል ካርቦን ነው። አንድ ኪሎ ካርቦን ሲቃጠል 3.67 ኪሎ ያህል ጋዝ ስለሚሆን፥ 10 ኪሎ የሚመዝን ደረቅ በርጩማ ከ18 ኪሎ በላይ ጋዝ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። በርጩማው እስካልተቃጠለና እስካልበሰበሰ ድረስ፥ ምድርን የሚያሞቀው ይህ ጋዝ ወደ አየር አይመለስም።

ታዲያ እንጨቱ ተሽጦ ባሕር ሲሻገር ካርቦኑ በማን ሒሳብ ይገባል? እ.ኤ.አ. በ2011 በደርባን ከተማ የተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ፥ በኪዮቶው ውል የልቀት ገደብ ለተቀበሉት አገሮች ደንብ አወጣ። ሒሳቡ የሚያዘው ዛፉ በተቈረጠበት አገር እንጂ በገዢው አገር አይደለም። ካርቦኑ በእኩሌታ እስኪቀንስ ድረስም ለተሰነጠቀ ጣውላ 35፥ ለኮምፔንሳቶና ለመሳሰለው 25፥ ለወረቀት 2 ዓመት ተመደበ። ደኑ ተመንጥሮ መሬቱ ለሌላ ነገር ከዋለ ግን፥ ጣውላው የፈለገውን ያህል ዘመን ቢቈይ፥ ካርቦኑ ወዲያው እንደ ጠፋ ይቈጠራል። እንግዲህ ጣውላ መልካም ጎተራ የሚሆነው በተቈረጠው ፈንታ ሌላ ሲተካ ነው።

ይህ ነገር በአጋሮ፥ በሊሙ፥ በጌራና በማና የዕለት ጥያቄ ነው። በዚያ ቡና የሚበቅለው በዋንዛ፥ በሰሳና በብሳና ጥላ ሥር ነው። ገበሬው ዋንዛውን ለጣውላ ቢሸጠው አንድ ጊዜ ገንዘብ ያገኛል፤ ቡናው ግን ለፀሐይ ይጋለጣል። የቡና ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ጫትና ባሕር ዛፍ ቦታውን ይወስዳሉ።

የበለጠ ጌራ ደን ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን በመጠበቃቸው፥ የደን ቡናቸው እ.ኤ.አ. በ2007 የሬይንፎረስት አሊያንስን የምስክር ወረቀት አገኘ። ጃፓናውያን አጥኚዎችም ወረቀቱን ያገኘው ደን ካላገኘው ይልቅ ከምንጣሮ እንደ ዳነ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ቡናንና እንጨትን በአንድ መዝገብ አስገብቷል፤ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ከተመነጠረ ደን የመጣ ምርት ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ሕጉ የሚጸናበት ቀን ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል።

ለቆመው ዛፍስ ምን ይከፈላል? በዚያው በ2023 የዓለም ባንክ ከኢትዮጵያ ጋር በተፈራረመው ውል፥ በኦሮሚያ ለሚቀነስ 4 ሚሊዮን ቶን ጋዝ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ይህም ለአንድ ቶን 10 ዶላር ነው። አንድ ቶን ጋዝ የሚይዘው አምስት ኩንታል ተኩል ያህል ደረቅ እንጨት ነው። ይህን ያህል የዋንዛ ጣውላ በገበያ ከዚህ እጅግ የበለጠ ዋጋ እንደሚያወጣ ማንም አናጢ ያውቃል።

ስለዚህ የካርቦን ገንዘብ ብቻውን መጥረቢያን አይመልስም። ዋንዛውን አቁሞ ሊያኖረው የሚችለው የደን ቡና የሚገባውን ዋጋ ሲያገኝ፥ ገንዘቡም ገበሬው እጅ ሲደርስ ነው። በየወረዳው የተመደባችሁ ወጣት ሹማምንት፥ የተተከለውን ችግኝ ቍጥር ስትመዘግቡ፥ ሳይቈረጥ የቀረውን ዛፍና ባለቤቱ ያገኘውን ጥቅምም አብራችሁ ብትመዘግቡ፥ ሥራችሁ የተሟላ ይሆናል እንላለን።