አሮጌ ቮልስዋገኖች ነዳጅ ሲቀዱ የሚገጥማቸው ችግር፣ መንስኤውና መፍትሔው

በሕዝቡ ዘንድ «ቮልስ» በሚል አጭር ስም የሚታወቁት አሮጌዎቹ ቮልስዋገን አውቶሞቢሎች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛሉ። ተሽከርካሪው በሀገሪቱ ታሪክ ውስጥም የራሱ ስፍራ ያለው ሲሆን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ዕለት ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት አውቶሞቢል እንደነበር ይታወሳል። የአውቶሞቢሉ ምርት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ ፑብላ ከተማ ሲቋረጥ፣ በዓለም ዙሪያ በድምሩ 21 ሚሊዮን 529 ሺህ 464 ተሽከርካሪዎች ተመርተው ነበር።

በጥቅም ላይ በሚውሉ መኪኖች ላይ የተጣለው ከፍተኛ ታክስ፣ እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉ፣ ባለንብረቶች በእጃቸው ያለውን አሮጌ ተሽከርካሪ ጠግነውና ተንከባክበው እንዲይዙ ምክንያት ሆኗል። ይሁንና እነዚህ አውቶሞቢሎች ዛሬ ባሉት ነዳጅ ማደያዎች ሲስተናገዱ ቤንዚን ያለችግር አለመቀበላቸው ባለንብረቱንም ሆነ ነዳጅ ቀጂውን ሲያስቸግር ይታያል። መቅጃው በየጥቂት ሰከንዱ ራሱን ይዘጋል፤ ቤንዚን ወደ ውጭ ይረጫል፤ ታንኩ ሳይሞላ የሞላ ይመስላል። ጉዳዩ ጊዜ ከማባከን አልፎ የእሳት አደጋ ሊያስከትል የሚችል በመሆኑ መንስኤውን መረዳት ተገቢ ይሆናል።

የችግሩ አንደኛው ምንጭ የተሽከርካሪው አሠራር ነው። ቮልስዋገን ሞተሩ በስተኋላ፣ የነዳጅ ታንኩ ደግሞ በስተፊት ከኮፈኑ ሥር፣ ከአሽከርካሪው እግር ፊት ለፊት የሚገኝ አውቶሞቢል ነው። ታንኩ 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 አጋማሽ በተመረቱት ላይ ቤንዚን የሚቀዳው የፊተኛው ኮፈን ተከፍቶ ሲሆን፣ የታንኩ ክዳን ዕቃ ከሚቀመጥበት ስፍራ ጋር አንድ ላይ ነው። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ግን መቅጃው የሚገባበት አፍ በስተቀኝ የፊት ጎን ላይ በትንሽ መዝጊያ ተሸፍኖ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደርጓል። ይህ ማሻሻያ ኮፈን ከመክፈት ቢገላግልም፣ ቤንዚኑ ወደ ታንኩ የሚወርድበት ቱቦ ታጥፎ እንዲያልፍ አስገድዷል።

ሁለተኛው ምንጭ የማደያው መሣሪያ ነው። በአሁኑ ወቅት ያሉ መቅጃዎች በደቂቃ እስከ 40 ሊትር ገደማ የማፍሰስ አቅም አላቸው። ይህም ማለት የአንድ ቮልስዋገን ታንክ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊሞላ የሚችል መጠን ነው። የመቅጃው ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትገኛለች። ቤንዚን በሚፈስበት ጊዜ በመቅጃው ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል በዚህች ቀዳዳ አየር ያስገባል። ታንኩ ሞልቶ ቤንዚኑ ቀዳዳዋን ሲሸፍናት አየር መግባቱ ይቋረጣል፤ በውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ይጨምርና መዝጊያውን ይለቀዋል። መቅጃው «ቀጭ» ብሎ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ መሣሪያው የሚያውቀው ቀዳዳዋ በፈሳሽ መሸፈኗን እንጂ ታንኩ በርግጥ መሙላቱን አይደለም። በኃይል የሚፈሰው ቤንዚን ከታጠፈው ቱቦ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ወይም አረፋ ሲሠራ፣ ታንኩ ባዶ ቢሆንም እንኳ መቅጃው ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ነዳጅ ቀጂው መቅጃውን ደጋግሞ ለመጫን ቢሞክር ቤንዚኑ ወደ ውጭ ከመርጨት በስተቀር የሚገኝ ውጤት አይኖርም።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መንስኤ የአየር መውጫው መደፈን ነው። ወደ ታንኩ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲገባ አንድ ሊትር አየር መውጣት ይኖርበታል። ለዚህም ሲባል በታንኩ ላይ ቀጫጭን የአየር መውጫ ቱቦዎች ተሠርተዋል። ቱቦዎቹ የላስቲክ በመሆናቸው በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ይጣመማሉ፤ በአቧራም ይደፈናሉ። አየሩ መውጫ ሲያጣ በገባበት አፍ ተመልሶ ስለሚወጣ ቤንዚኑን ይዞት ይመጣል። በሌላ በኩል ቱቦው ተሰንጥቆ ከሆነ የቤንዚን ትነት ከኮፈኑ ሥር ይጠራቀማል። ከታንኩ በስተጀርባ የመብራትና የሌሎች መሣሪያዎች የኤሌክትሪክ ገመዶች የሚያልፉ በመሆኑ ሁኔታው አሳሳቢ ነው። በመኪናው ውስጥ የሚሸት ቤንዚን «የአሮጌ መኪና ጠባይ» ተብሎ ሊታለፍ የማይገባው ለዚህ ነው።

የነዳጁ ዓይነት መለወጥም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። በሀገሪቱ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ለገበያ መቅረብ የጀመረ ሲሆን፣ ድርሻው በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል የውጭ ምንዛሪን ለመቆጠብ የሚረዳ ቢሆንም፣ ለዚህ ዓይነቱ ድብልቅ ታስቦ ያልተሠራን አሮጌ ላስቲክና ጎሚኒ የማለስለስና የማበላሸት፣ እንዲሁም ውኃን የመሳብ ባሕርይ አለው። በታንኩ ውስጥ የሚጠራቀም ውኃ ደግሞ ዝገት ያስከትላል። በዚያ ዘመን የነበሩ ቱቦዎች ሳይለወጡ የቆዩባቸው ተሽከርካሪዎች ካሉ ሊፈተሹ ይገባል።

የአዲስ አበባ የአየር ጠባይም ከግምት ውስጥ መግባት አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻዎች በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ ቤንዚንም በቀላሉ ይተናል። በተጨማሪም ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል። ማለዳ በቅዝቃዜ እስከ አፉ የተሞላ 40 ሊትር ቤንዚን፣ ተሽከርካሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ሴልሲየስ ቢጨምር ከግማሽ ሊትር በላይ ይሰፋል። ይህ ትርፍ መጠን ቦታ ካላገኘ በክዳኑ በኩል ይፈሳል። በመሆኑም መቅጃው ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ሞልቶ ሲዘጋ ማቆም እንጂ «ሂሳቡን ለማጠጋጋት» ተብሎ መጨመር አይመከርም።

ሌላው ችግር በታንኩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን መጠን ማወቅ ነው። ከ1962 ሞዴል በፊት የተመረቱት ቮልስዋገኖች የነዳጅ ጌጅ አልነበራቸውም። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር አሽከርካሪው ከእግሩ አጠገብ ያለውን ማዞሪያ ወደ መጠባበቂያው በማዞር በቀሪዎቹ ጥቂት ሊትሮች ማደያ ፍለጋ ይጓዝ ነበር። ጌጅ ባላቸውም ላይ ቢሆን መሣሪያው በዕድሜ ምክንያት የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ሽያጭ ክፍያ በዲጂታል ዘዴ ብቻ እንዲፈጸም ከተደረገ ወዲህ፣ የሚፈልጉትን መጠን አስቀድሞ በትክክል መናገር ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ታንኩ ሊይዝ ከሚችለው በላይ አዝዞ መገኘት ቀጂውንም ተስተናጋጁንም ከማጨቃጨቁ ባሻገር ሰልፉን ያጓትታል። ኮፈን ተከፍቶ በሚቀዳባቸው ላይ በየ5 ሊትሩ ምልክት የተደረገበት ንጹሕና ደረቅ የእንጨት መለኪያ ወደ ታንኩ አስገብቶ ማየት ቀላልና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

ነዳጅ በሚቀዳበት ጊዜ ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች አስቸጋሪ አይደሉም። በቅድሚያ ሞተሩ መጥፋት፣ ተሳፋሪዎችም መውረድ ይኖርባቸዋል። ከኮፈኑ ሥር በሚቀዳባቸው ተሽከርካሪዎች በዚያ ስፍራ ያለ ጨርቅ፣ ወረቀትና ዕቃ መነሳት አለበት። መቅጃው የታንኩን አፍ ብረት እንደነካ ሆኖ መያዝ አለበት፤ ይህም በንክኪ ማጣት የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታን ይከላከላል። ቀጂው መቅጃውን በግማሽ ብቻ ተጭኖ ቤንዚኑ በዝግታ እንዲወርድ ማድረግ ይገባዋል። ይህም ሆኖ የሚዘጋ ከሆነ መቅጃውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ሳብ ማድረግ ወይም ጫፉ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲዞር አድርጎ መያዝ ብዙ ጊዜ ችግሩን ያቃልላል። የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ተጠርጎና ትነቱ ተበትኖ ሳያልቅ ሞተር ማስነሳት አይገባም።

በዝግታ ተቀድቶም ችግሩ የሚደጋገም ከሆነ ጥፋቱ የማደያው ሳይሆን የተሽከርካሪው ነውና ወደ ጋራዥ መውሰድ ያስፈልጋል። መካኒኩ የአየር መውጫ ቱቦዎቹን ነቅሎ መደፈን አለመደፈናቸውን በመንፋት ማረጋገጥ፣ የክዳኑን ጎሚኒና የቱቦ ማሰሪያዎችን መፈተሽ፣ የታንኩንም ውስጥ ለዝገት ማየት ይጠበቅበታል። ከታንኩ ወደ ኋላ ቤንዚን የሚያደርሰው፣ በተለይም በሞተሩ አካባቢ ያለው የላስቲክ ቱቦ አብሮ ሊለወጥ ይገባል። በሞቀ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ለቮልስዋገን ቃጠሎ በስፋት ከሚታወቁት መንስኤዎች አንዱ ነው። የቱቦዎቹ ዋጋ ከሚያስከትሉት ጉዳት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ለባለንብረቱ ከተጣለው ኃላፊነት ጎን ለጎን የሚመለከታቸው አካላትም ድርሻ አላቸው። በዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ወቅት ከፍሬንና ከመብራት እኩል የነዳጅ ታንክና ቱቦዎች ቢታዩ፣ የማደያ ኃላፊዎችም ሠራተኞቻቸው አሮጌ ተሽከርካሪዎችን በዝግታ እንዲያስተናግዱ ቢያደርጉ አደጋን አስቀድሞ ለመከላከል ይረዳል። ቤንዚን በውኃ ላይ ተንሳፋፊ በመሆኑ የቤንዚን እሳት በውኃ ሊጠፋ አይችልም። ስለሆነም በማደያውም ሆነ በተሽከርካሪው ውስጥ የዱቄት ወይም የአረፋ እሳት ማጥፊያ መኖሩንና በአገልግሎት ጊዜው ውስጥ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በግማሽ ምዕተ ዓመት ዕድሜ ላይ የሚገኝ ተሽከርካሪ አገልግሎቱን በሰላም እንዲቀጥል የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃዎች ትዕግሥትና ወቅቱን የጠበቀ ፍተሻ ነው።