ሰዓት አላት፣ ወረቀቷስ?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤቶች ውድድር ሁሉንም ጥላ ስትገባ ሰፈሩ የሚያሳያት መንገድ አንድ ነው። ከታዳጊ ፕሮጀክት ወደ ክለብ፣ ከክለብ ወደ ማናጀር፣ ከማናጀር ወደ ውጭ ውድድር። ዓለም ያደነቃቸውን አትሌቶቻችንን በብዛት ያወጣው ይኸው መንገድ ስለሆነ ማንም ሊንቀው አይችልም። ችግሩ ጠባብነቱ ነው። በጉዳት ወይም በአንድ መጥፎ የውድድር ዓመት ከመስመር የወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ሩጫውንም ትምህርቱንም አጥቶ ይገኛል።

ሌላም መንገድ አለ። በስፖርት ችሎታ የአሜሪካ ኮሌጅ ገብቶ፣ ክፍያው በሙሉ ወይም በከፊል ተሸፍኖ፣ ለኮሌጁ እየተወዳደሩ ዲግሪ መያዝ። ኬንያውያን ይህን መንገድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተመላልሰውበታል። ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ኤድዋርድ ቼሴሬክም ለኦሪጎን ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ 17 ጊዜ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል። ከእኛም ወገን እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ 1500 ሜትር የሮጠው ኃይሉ ኤባ በዚያው ዘመን ለኦሪጎን ስቴት ተወዳድሯል። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ በ1500 ሜትር ለአሜሪካ ነሐስ ያመጣው ያሬድ ንጉሤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ ኬንታኪ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ሩጫን የጀመረው ሁለተኛ ደረጃ እያለ ሲሆን፣ ኖትር ዴም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ እ.ኤ.አ. በ2019 የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል።

እዚሁ አዲስ አበባ ካደጉ ልጆች ግን በዚህ መንገድ የሚሄዱት ከኬንያውያኑ ጋር ሲተያዩ ጥቂት ናቸው። በእኔ እምነት ምክንያቱ ፍጥነት አይደለም፤ ፍጥነቱማ አለ። የሚጎድለው እንግሊዝኛው፣ ሰነዱና ይህ መንገድ መኖሩን በጊዜ የሚነግር ሰው ነው። ብዙ ቤተሰብ ስለ ጉዳዩ የሚሰማው ልጁ 12ኛ ክፍል ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ያኔ ሊስተካከል የማይችል ነገር ይበዛል።

የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት በአንድ ድርጅት ሥር ያለ አይደለም። ትልቁ ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር ሲሆን ሦስት ዲቪዚዮን አለው። አንደኛውና ሁለተኛው የስፖርት ስኮላርሽፕ ይሰጣሉ። ሦስተኛው አይሰጥም፤ እነ ሃርቫርድና የል ያሉበት አይቪ ሊግም በአንደኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ሆኖ ለስፖርት ብሎ ገንዘብ አይሰጥም። እነዚህ የሚረዱት በቤተሰብ አቅም ወይም በትምህርት ውጤት ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ለሆነ ሯጭ ይህ አንዳንዴ ከስፖርቱ ገንዘብ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ከኤንሲኤኤ ውጭ በአብዛኛው ትናንሽ ኮሌጆችን የያዘው ኤንኤአይኤ አለ። የሁለት ዓመት ኮሌጆችን የሚያስተዳድረው ደግሞ ኤንጄሲኤኤ ነው። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ስም ሲነሳ ፊቱን የሚያጨማድድ ወላጅ አለ። ግን ኬንያውያን ሯጮች የሚታወቁበት የቴክሳሱ ሳውዝ ፕሌይንስ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ነው። እንግሊዝኛዋ ገና ያልጠነከረ ልጅ እዚያ ሁለት ዓመት ተምራ፣ ሰዓቷን አሻሽላ ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራለች።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ሰው የተሳሳተ ግምት አለው። «ስኮላርሽፕ አገኘች» ሲባል ሁሉ ነገር የተከፈለላት ይመስላል። በአትሌቲክስ ግን የተለመደው አሰልጣኙ ያለውን በጀት ለብዙ ሯጮች መከፋፈሉ ነው። ለምሳሌ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 40,000 ዶላር በሆነበት ኮሌጅ 60 በመቶ የተሰጣት ልጅ 16,000 ዶላር በየዓመቱ ከየትም ማምጣት አለባት። ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ቅጽ የሚልክላት ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ቀሪ ወጪ በባንክ ወረቀት ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት በመቶ ነው?» ሳይሆን «በዓመት የሚቀርብን ስንት ዶላር ነው?» መሆን አለበት። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ስኮላርሽፑ ለስንት ዓመት እንደተሰጠና ልጅቱ ብትጎዳ ምን እንደሚሆን ነው። መልሱ በጽሑፍ ይምጣ።

እዚህ ላይ ሴቶች ልጆች ያላቸው የተሻለ ዕድል ቢነገር ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የተባለው የአሜሪካ ሕግ በትምህርት ቤት የጾታ አድልዎን ስለሚከለክል ኮሌጆች ለሴቶች ስፖርት እኩል ዕድል እንዲሰጡ ተገደዱ። ብዙዎቹ ከወንዶቹ የአሜሪካ ፉትቦል ጋር ለማመጣጠን ለሴቶች ሩጫና እግር ኳስ ብዙ ቦታ ከፈቱ። ለዓመታት በአንደኛ ዲቪዚዮን አንድ ኮሌጅ ለወንዶች አትሌቲክስ 12.6፣ ለሴቶች 18 ሙሉ ስኮላርሽፕ የሚያህል ገንዘብ ነበር መስጠት የሚችለው። እ.ኤ.አ. በ2025 አሠራሩ ተለውጦ አዲሱን ሥርዓት በተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሽፕ ጣሪያው ቀርቶ የቡድኑ አባላት ቁጥር ተገድቧል። በአትሌቲክስ 45፣ በአገር አቋራጭ 17 ነው። ቦታው ሲጠብ አሰልጣኝ «ትደርሳለች» ብሎ ከመጠበቅ የደረሰችውን ይመርጣል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ኤንሲኤኤ ኤሊጂቢሊቲ ሴንተር የሚባል መዝጋቢ ክፍል አለው፤ አንደኛና ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚገባ ተማሪ ሁሉ በእሱ ያልፋል። ይህ ክፍል ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ውጤት ቆጥሮ 16 ዋና ትምህርቶች ይፈልጋል። በአንደኛ ዲቪዚዮን ከእነዚህ ውስጥ አራት ዓመት እንግሊዝኛ፣ ሦስት ዓመት ሒሳብ፣ ሁለት ዓመት ሳይንስና ሁለት ዓመት የኅብረተሰብ ትምህርት ይገኙበታል። አማካይ ውጤቱም ለአንደኛ ዲቪዚዮን 2.3፣ ለሁለተኛው 2.2 እንዲደርስ ይጠበቃል። ከመቶ የተሰጠውን የእኛን ውጤት ከአራት ወደሚሰላ ነጥብ የሚለውጡት እነሱ ናቸው። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ከ16ቱ አይገባም፤ ስፖርተኛዋ ልጅ መቶ ያመጣችበት ትምህርት ምንም አያግዛትም ማለት ነው። ኤስኤቲ የተባለውን ፈተና ኤንሲኤኤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ መጠየቁን ትቷል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አሁንም ይጠይቃሉ። የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ቶፍል ይሁን አይልትስ ወይም ዱዎሊንጎ፣ ብዙ ጊዜ አይቀርም።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ልጆችን የሚጥላቸው ከውጤቱ ይልቅ ቀኑ መሆኑ ነው። አንዲት ልጅ ሰኔ 2017 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ጨረሰች እንበል። ትራንስክሪፕቷ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ዓመቱ ግን ሳይቀየር «2017» ተብሎ ቀረ። ኢንዲያናፖሊስ ያለው የኤሊጂቢሊቲ ሴንተር ገምጋሚ ያቺን ልጅ ከስምንት ዓመት በፊት ትምህርት የጨረሰች አድርጎ ያነባታል። ይህ ተራ የጽሑፍ ስህተት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአንደኛ ዲቪዚዮን ሕግ፣ በአብዛኛው ስፖርት፣ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሱ በኋላ የአንድ ዓመት የእፎይታ ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ሳይገቡ በተደራጀ ውድድር የተሳተፉበት ጊዜ ከኮሌጅ የውድድር ዓመታት ላይ ሊቀነስ ይችላል። ልደትም እንዲሁ ነው። ጥር 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2008 ልጅ ናት፤ ሳይቀየር ከቀረ ግን ስምንት ዓመት ትልቅ ሆና ትገኛለች። የዕድሜ ጉዳይ በአትሌቲክሳችን ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳነጋገረ የሚያውቅ የውጭ ገምጋሚ ይህን ሲያይ ፋይሉን ወደ ጎን ቢያስቀምጠው ምን ይገርማል?

ስምም ከቀን አይተናነስም። በልደት ሰርተፊኬቱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ በሁለት፣ በፓስፖርቱ ላይ ደግሞ የአባቷ ስም ኃይለማርያም ለሁለት ተከፍሎ «ኃይለ» ብቻ ሆኖ የተጻፈባት ልጅ ሦስት ሰው ትሆናለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ጊዜ ይጠይቃል። መጀመሪያ ፓስፖርቱ ይውጣ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ የሚጽፈው ሁሉ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ይከተል። ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የየሴሚስተሩን ካርድ ቅጂ በአንድ ማህደር ማስቀመጥም ለወላጅ የሚያስከፍለው የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው። ትምህርት ቤት የቀየረች ልጅ ደግሞ ከሁለቱም ትምህርት ቤት ያስፈልጋታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የክለብ ፊርማ ነው። ለ16 ዓመት ልጅ የወር ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ሲመጣ ቤተሰብ ደስ ቢለው አይፈረድበትም፤ የጎፋ ወይም የጀሞ የቤት ኪራይ በዚያ ሊከፈል ይችላል። ሆኖም ከወጪ በላይ የሆነ ደመወዝ፣ የሽልማት ገንዘብና ከማናጀር ጋር የተፈረመ ውል ኤሊጂቢሊቲ ሴንተር አንድ በአንድ የሚጠይቅባቸው ነገሮች ናቸው። ውጤታቸውም የውድድር ጊዜ ማጣት ወይም ጭራሹን መከልከል ሊሆን ይችላል። ሕጉ በየጊዜው እየተለወጠ ነውና «ተፈቅዷል» ወይም «ተከልክሏል» የሚል ወሬ አይበቃም፤ ከመፈረም በፊት ማዕከሉን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። እኔ ክለብ አትግቡ አልልም። የፊርማው ቀን ልጅቱ ሁለት መንገድ እንዳላት አውቃ አንዱን የመረጠችበት ቀን ይሁን ነው የምለው። የፈረመች ደግሞ ውሉንና የተቀበለችበትን ደረሰኝ ሁሉ ትያዝ፤ ተደብቆ በኋላ የሚገኝ ገንዘብ ከተነገረው ገንዘብ የባሰ ያስጠይቃል።

ለአሜሪካ አሰልጣኝ የሚጻፈው ኢሜይል አጭር ይሁን። ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ክፍል፣ 12ኛን የምትጨርስበት ወር፣ አማካይ ውጤት፣ የሮጠችው ርቀትና ሰዓት፣ ውድድሩ የተካሄደበት ቦታና ቀን ይበቃል። ሰዓቱ በእጅ ተይዞ ከሆነ በእጅ ነው ብላ ትጻፍ። በእጅ የተያዘ የ100 ሜትር ሰዓት ላይ 0.24 ሰከንድ ጨምሮ ማንበብ የተለመደ ነው፤ ደብቃ ከተገኘች ግን የምታጣው ከዚያ በላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ መሆኗንም ከሰዓቱ አጠገብ መጥቀስ ይጠቅማል። 5000 ሜትር እዚህና ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ አይደለም፤ ኤንሲኤኤ ራሱ በከፍታ ቦታ ለተሮጠ ሰዓት ማስተካከያ ሠንጠረዥ አለው። ውጤቷ በዓለም አትሌቲክስ ድረ ገጽ ላይ ካለ አሰልጣኙ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። ለእግር ኳስ ተጫዋች ደግሞ ከሰዓት ይልቅ ቪዲዮ ነው የሚፈለገው፤ ጎል ብቻ የተለቀመበት ሳይሆን አንድ ሙሉ ጨዋታ።

በዚህ መሃል ደላላ መምጣቱ አይቀርም። «አሰልጣኙን አውቀዋለሁ፣ ይህን ያህል ብር ክፈሉ» የሚል ሰው ሲመጣ አንድ ነገር ይታወስ። አሰልጣኝ ለስኮላርሽፕ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጽፈውም በዩኒቨርሲቲው ዶት ኢዲዩ በሚያልቅ አድራሻ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ኤዱኬሽን ዩኤስኤ በሚል ስም የሚሰጠው የምክር አገልግሎት አዲስ አበባ ውስጥ አለ። በርግጥ የሚከፈሉ ሕጋዊ ወጪዎች አሉ። የኤሊጂቢሊቲ ሴንተር ምዝገባ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ 350 ዶላር ሴቪስ የተባለው የውጭ ተማሪዎች ምዝገባ ክፍያ፣ 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ፤ እነዚህ ዋጋዎች ሊቀየሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው የተማሪ ቪዛ በአብዛኛው ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር እንዲሆን ወስናለች። ይህ ትምህርቷን ለሦስት ወር ብቻ ትከታተላለች ማለት አይደለም፤ ለክረምት ቤተሰቧን ልትጠይቅ ከመጣች ግን ለመመለስ እንደገና ቪዛ መጠየቅ ይኖርባታል።

የጊዜው አቆጣጠርም አይገጥምም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ክረምት መግቢያ ላይ ተሰጥቶ ውጤቱ የሚወጣው በመስከረም አካባቢ ሲሆን፣ የአሜሪካ ኮሌጅ የሚጀምረው በኦገስት፣ ማለትም በነሐሴ ነው። ስለዚህ አብዛኛዋ ተማሪ በጃንዋሪ ወይም በቀጣዩ ነሐሴ ነው የምትገባው። ያ የመሃል ጊዜ በአብዛኛው ከላይ ያልነው የአንድ ዓመት እፎይታ ውስጥ ስለሚወድቅ ብዙ አያስፈራም። እንግሊዝኛ መማሪያና የቪዛ ቀጠሮ መጠበቂያ ይሆናል። ለአሰልጣኞች መጻፍ ግን ከ11ኛ ክፍል ይጀመራል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ላይሳካ ይችላል፤ ቪዛ ሊከለከል፣ ቀሪው ዶላር ሊታጣ ይችላል። ያኔ አገር ውስጥ ያለው በር የብሔራዊ ፈተናው 50 በመቶ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ ይህን ያለፉት 3.3፣ ቀጥሎ 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ በታች ካመጡት ውስጥ ለተመደቡት የሬሜዲያል ትምህርት አለ። በአዲስ አበባ፣ በኮተቤ የትምህርት፣ በባሕር ዳርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሳይንስ ይሰጣል። ለዚህም የሚቀርበው ያው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተያዘው ትራንስክሪፕት ነው። ትምህርት ቤቶች ለክረምት ሲዘጉ ሪከርድ ክፍሉም ስለሚዘጋ፣ የስምና የቀን ማስተካከያ ጥያቄ ከግንቦት በፊት ቢገባ ይመረጣል።